የመንጋጋው ምርመራ

በዛብህ ወልደጻድቅን ያወቅኩት በ1972 ዓ.ም. ነው፤ አሰላ በነበረው የእርሻና የውሃ መሣሪያዎች ወርክሾፕ ታይፒስት ሆኜ የተቀጠርኩበት ዓመት። የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ይባላል እንጂ ሙያው ቶርኖ፣ ብረት መቅረጽ ነበር። ከእሱ በላይ የነበሩት ባለ ዲግሪዎች ከፊሉ አገር ጥለው ሄደው፣ ከፊሉ ተወስደው ወንበሩ ባዶ ሲቀር «አንተ ተቀመጥበት» የተባለ ሰው ነው። የደብረ ሲና ልጅ ነው። አሰላ የመጣው ለሁለት ዓመት ተብሎ ነበር፤ እኔ ስደርስ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የዝውውር ማመልከቻ ያጽፈኛል፤ መስከረም ላይ «ለጊዜው ተተኪ ባለመገኘቱ» የሚል መልስ ይመጣል። ኋላ ኋላ እሱም ጽፎ መስጠቱን ተወ፣ እኔም ቀኑን ብቻ እየለወጥኩ አወጣለት ጀመር።

ረጅም ነው፤ ትከሻው ጎበጥ ያለ። የብረት መለኪያ ካሊፐሩን እንደ እስክሪብቶ በደረት ኪሱ ይሰካል። ከሰው አይጣላም፣ ከሰውም አይቀላቀልም። ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከበሩ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «የመጀመሪያው ላይ ከተቀመጥሽ ልትወጪ የፈለግሽ ይመስላል» አለኝ። እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት። እሱ ግን አልሳቀም።

መጋቢት 1976 ዓ.ም. ላይ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጓድ አሳምነው አንድ ከባድ ጆንያ አሸክሞ ገባ። አሳምነው ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲናገር ዓይን ዓይን የሚያይ። በዕድሜ ከበዛብህ አሥራ ሦስት ዓመት ቢያንስም «ጓድ» ካለ በኋላ «አንተ» ይለዋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ያኔ ስለፈራሁት አይደለም፣ ዛሬም ስለማስበው ነው። ጆንያውን ፈቶ ዘይት የጠጣ ብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ መንጋጎች በማጠፊያ ተያይዘዋል፤ ከጎናቸው ክንድ የሚያህል ወፍራም እጀታ ወጥቷል።

«ጓድ በዛብህ፣ ይህን እየው። የቁፋሮ ሠራተኛችን የጓድ ቱሳ ፈጠራ ነው» አለ።

ስለ ቁፋሮ የማውቀው በመጻፍ ብዛት ነው። የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር የብረት ዘንጎች አንዱ በአንዱ ላይ እየተጠመዘዙ ሰማንያ፣ መቶ ሜትር ይወርዳሉ። ዘንግ ለመጨመር ወይም ለማውጣት ሲፈለግ፣ ከታች የተንጠለጠለውን ሁሉ አፉ ላይ አንቆ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ካመለጠ ዘንጉም ጉድጓዱም ጠፋ ማለት ነው። ከማሽኑ ጋር ከውጭ የመጣው መያዣ ከተሰበረ ቆይቷል፤ መለዋወጫ የለም። ሠራተኞቹ በሰንሰለትና በሁለት ትልልቅ ቁልፎች እየታገሉ ነበር የሚሠሩት።

ከብረቱ ጋር ከአዲስ አበባ የተላከ አራት ገጽ ቅጽ ነበረ። «የፈጠራው ሥራ ከዚህ በፊት የታወቀ መሆን አለመሆኑ» ይላል። ዝቅ ብሎ «የመጀመሪያውና እውነተኛው ፈጣሪ ሙሉ ስም» ይላል። ቀጥሎ «በሠራተኛው ሕይወትና አካል ላይ ጉዳት የሚያስከትል መሆን አለመሆኑ»። ከሁሉ በታች «መርማሪ» ከሚለው ቃል ፊት የፊርማ መስመር አለ። ቅጹ ለሠሪው ምን መብት እንደሚያስገኝ ከእኛ መሃል የሚያውቅ አልነበረም። አሳምነው ግን የሚፈልገውን ያውቃል። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበራል፤ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል፤ ከአርሲ አንድ የሠራተኛ ስም እዚያ መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ አርባ መንጋጋ ተሠርቶ ለቁፋሮ ቡድኖች ይታደላል።

በዛብህ እጀታውን ይዞ መንጋጋውን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጣቱን በእጀታው ቀዳዳ ከትቶ ዳበሰ። ወዲያው «ይቅርታ» ብሎ ወጣ። በመስኮት ሳየው የውሃው በርሜል አጠገብ ቆሞ እጁን እየታጠበ ነበር። ብዙ ታጠበ።

በሦስተኛው ቀን በእጁ የጻፈውን ሪፖርት አመጣልኝ። አንድ ዋናና ሁለት ቅጂ አድርጌ መምታት ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ደረስኩ፦ «ይህ መሣሪያ በ1968 ዓ.ም. በዚሁ ወርክሾፕ ተሠርቶ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የመጀመሪያውና እውነተኛው ፈጣሪ የቁፋሮ ክፍል ኃላፊ የነበረው መርሻ ገብረ መድህን ነው።»

ጣቶቼ ቆሙ። ያን ስም አሰላ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይጠራውም። በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ ከቤቱ ተወሰደ፤ በሳምንቱ ቀበሌ ውስጥ ከተነበበው የተገደሉ «አናርኪስቶች» ዝርዝር ውስጥ ስሙ ነበረ። ከዚያ በኋላ ስለ መርሻ ማውራት የለም። ቢሆንም ጨርሼ መታሁት። የመጨረሻውን ወረቀት ከጽሕፈት መኪናው ሳወጣ በዛብህ ገባ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ብርቄ፣ ጨርሰሻል?»

«ጨርሻለሁ፣ ጋሽ በዛብህ።»

«አንብበሽዋል?»

«ታይፒስት አያነብም» አልኩት።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ከነረቂቁ ወሰደ። «ካርቦኖቹስ?» አለ። ሁለቱን ሰጠሁት። አንዱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ በብርሃን አየው። አዲስ ካርቦን ስለነበረ የመርሻ ስም ከነአባቱ ነጭ ሆኖ በግልጽ ይነበብ ነበር። አጣጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተውና «ሰው ወረቀቱን ያቃጥላል፤ ይኸን ይረሳዋል» አለ። ለእኔ አይመስለኝም ያለው። እሱ ከወጣ በኋላ የመኪናዬን ሪባን አውልቄ ጣልኩት፤ ሪባን እንደዚያ እንደማይነበብ እያወቅኩ። ፍርሃት እንደዚያ ነው።

የቀረውን የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ በቁርጥራጭ። ጥቂቱን ደግሞ ከቱሳ ሰምቻለሁ።

መርሻና በዛብህ ባልንጀሮች ነበሩ። መርሻ አባይነሽን እስኪያገባ ድረስ በአንድ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። መርሻ ሳቂታ፣ ተከራካሪ፣ ሲበላም እርሳስ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር አሉ። የማሽኑ መያዣ ሲሰበር መንጋጋውን እሱ ነደፈው፣ በዛብህ በቶርኖ ሠራው። ብልሃቱ የዘንጎቹ ክብደት ራሱ መንጋጋውን እንዲዘጋው ማድረጉ ነው፤ በከበዱ ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል። ሁሉም ደስ አለው። ጢቾ አካባቢ ሲቆፍሩ ግን፣ ዝናብ በዋለበት ቀን፣ ገመዱ ዘንጉን አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ነጠቅ አደረገው። ክብደቱ ከመንጋጋው ላይ ሲነሣ እጀታው እንደ በር ተወርውሮ ተከፈተና የመርሻን ግራ እጅ ከብረቱ ጋር አጣበቀው። ሁለት ጣቶቹን አጣ። ከሆስፒታል እጁ ተጠቅልሎ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሉ «በዛብህ፣ የረሳነው ነገር አለ» የሚል ነበር።

ከዚያ እጀታው ውስጥ ሞላ ያላት አንዲት የመቆለፊያ ጥርስ ነደፈ። መዳፍ ካልተጫናት አትለቅም፤ ዘንጉ ቢነጠቅም መንጋጋው አይከፈትም። ጭቃ እንዳይገባባት በክዳን ሸፈኗት። ከውጭ የሚያይ ሰው ጥርስ እንዳለ አያውቅም። መርሻ በተወሰደ ሰሞን መንጋጋው ጠፋ፤ ከፍርሃት ይሁን ከስርቆት የሚያውቅ የለም። ቱሳ ከስድስት ዓመት በኋላ ከትዝታው የሠራው ውጭውን ብቻ ነው። በዛብህ ጣቱን የከተተበት እጀታ ባዶ ነበር።

እንግዲህ የሰውየውን ነገር አስቡት። አዲስ አይደለም ካለ የመርሻን ስም መጥራት አለበት። የመርሻን ስም ከጠራ፣ አንተስ የት ነበርክ ይባላል፤ በ1970 የተረፈው ከማን ጋር እንደኖረ የጠየቀው ስላልነበረ ብቻ ነው። አደገኛ ነው ካለ፣ እንዴት አወቅክ ይባላል። ዝም ብሎ ከፈረመ ደግሞ አርባ መንጋጋ ይሠራል፣ ዝናብም ይዘንባል።

በመስክ ሙከራ ካልታየ አልፈርምም አለ። ሚያዝያ ላይ ሳጉሬ አካባቢ ወደሚቆፍሩበት ቦታ በላንድሮቨር ሄድን፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ነው። ቱሳን ያየሁት ያን ቀን ነው። ደልደል ያለ፣ ጺሙ የሸበተ፣ ቦት ጫማው ጭቃ የበላው ሰው። በዛብህን ሲያይ ዓይኑን ወደ ማሽኑ አዞረ።

መንጋጋው አሥራ ሁለት ጊዜ ተሞከረ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ያዘ። በዛብህ ገመዱን ነጠቅ እንዲያደርጉ አዘዘ። ነጠቁት፤ ያዘ። እንደገና አለ፤ ያዘ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከጭላሎ ተራራ የሚመጣው ነፋስ ብረቱን ሁሉ አድርቆታል። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። በዛብህ እንዲሰበር የሚጸልይ ይመስል ከንፈሩን ነክሶ ቆሞ ነበር።

«አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ጓድ በዛብህ» አለ አሳምነው።

«ዛሬ ደረቅ ነው። ጭቃ የለም።»

«ጭቃ ሲኖር ምን ይሆናል?»

«ሊከፈት ይችላል።»

«ሊከፈት ይችላል ወይስ ይከፈታል?»

በዛብህ ጎንበስ ብሎ እጀታውን ነካካ።

«ተከፍቶ አይተህ ታውቃለህ?»

እርሳሴን ወረቀቱ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ቱሳም ዘወር ብሎ አየን።

«አላየሁም» አለ በዛብህ።

አሳምነው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። አንድ የገበሬ ልጅ አስቦ፣ በእጁ ብረት ሠራ። አንድ የቢሮ ሰው ደግሞ ‹ሊከፈት ይችላል› እያለ ያዘገየዋል። ሌላ ሰው ቢሰማ ይህን አሻጥር ይለዋል። እኔ አላልኩም። እስከ ግንቦት መጨረሻ ግን ወረቀቱ ከፊርማህ ጋር ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።»

ሌሎቹ ምሳ ሊበሉ ወደ ድንኳኑ ሲሄዱ በዛብህ ቱሳን ከጭቃው ኩሬ ዳር አገኘው። ንግግራቸውን ቱሳ ነው የነገረኝ።

«የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለህ» አለው በዛብህ።

«አውቃለሁ እንጂ፣ ኦቦ በዛብህ! አምስት ዓመት አብሬው ቆፍሬአለሁ። ወላሂ፣ አንድ ቀን የኔ ነው አላልኩም። ሰንሰለቱ ሰው ሊጨርስ ሲል፣ ኦቦ መርሻ የሠራው ነበረ ብዬ እያስታወስኩ ለበያጁ ለጅብሪል ነገርኩት፤ በየደልኝ። ጓድ አሳምነው መጣና ማን ሠራው አለ። ኦቦ መርሻ ነው አልኩት።»

«ነገርከው?»

«ነገርኩት። ‹እንደዚያ የሚባል ሰው የለም› አለኝ። ‹ኧረ ነበረ› አልኩት። ‹ቱሳ፣ ልጆች አሉህ› አለኝ። አሉኝ፤ ሰባት ናቸው። ዝም አልኩ።»

በዛብህ ጠጋ ብሎ፣ «እጀታው ውስጥ ጥርስ ነበረው» አለው። ስለ ጢቾው ዝናብ፣ ስለ መርሻ ጣቶች ነገረው። ቱሳ ያን ጊዜ ከሌላ ቡድን ጋር ነበርና መርሻ ጣቱን በምን እንዳጣ አያውቅም። ሲሰማ ሁለት እጆቹን አንሥቶ አያቸው። «አላህ! እኔ ሰዎቹን በዚህ ላሠራ ነበር?»

«ጥርሷን እኔ ደብቄ እሠራታለሁ። አንተ እኔ አሰብኩት፣ አሻሻልኩት ትላለህ።»

«ሌላ ውሸት ልጨምር?»

«አዎ።»

«እሱ ሥራ ላይ?»

«እሱ ሥራ ላይ» አለ በዛብህ።

ጥርሷ ግን እንዳሰበው አልሆነችለትም። ስምንት ዓመት አልፏል። ጋደል ስትል ትለቃለች፤ ቀጥ ስትል ደግሞ ጭራሽ አልለቅም ትላለች። ሦስት ሠርቶ ሦስቱም አልሆኑም። ልኩ ያለው የመርሻ ንድፍ ላይ ነው። ንድፉ ካለ ደግሞ ያለው አባይነሽ ዘንድ ነው።

አባይነሽ ከገበያው በላይ በሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ትኖር ነበር። ባሏ ሲወሰድ ከመምህርነቷ ተባራ ሹራብ እየሠራች ነው የምትተዳደረው፤ እኔም የእሷን ሹራብ ለብሻለሁ። በዛብህ ከ1970 ወዲህ ቤቷን ረግጦ አያውቅም። መንገድ ላይ ካገኛት ከማዶ ባርኔጣውን ያነሣል፤ ያ ነበር ሰላምታቸው። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ በሩን አንኳኳ።

«በዛብህ! መንገድ ጠፍቶህ ነው?» አለችው። ቢሆንም አስገባችው።

ተቀምጦ ነገሩን ሁሉ አንድም ሳይደብቅ ነገራት። እስኪጨርስ ሹራቧን ትሠራ ነበር። ሲጨርስ ኪሮሹን አስቀመጠች።

«ስድስት ዓመት። ይኸው መጣህ፤ ግን እኔን ልትጠይቅ አይደለም፣ ወረቀት ልትጠይቅ።»

በዛብህ ወደ ኋላ ግድግዳውን ተደገፈ።

«የተደገፍከው እሱን ነው» አለችው።

ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ ነበር። ሊፈትሹ ሁለት ጊዜ መጥተው ፍራሹን ቀደዋል፣ ሳጥኑን ሰብረዋል። ግድግዳውን ግን አልነኩትም፤ የመሪዎቹ ፎቶ ያለበትን ጋዜጣ ማን ይቀድዳል? ንድፉ ከሥሩ ፊቱን ወደ ጭቃው አዙሮ በሊጥ ተለጥፏል። ሙቅ ውሃ አመጣች። በጨርቅ እያራሱ፣ በቢላ እየፈለፈሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሳይነጋገሩ እስከ ከሰዓት ሠሩ። ሦስት ቦታ ተቀዶ ወጣ። የጥርሷ ማዕዘን በመርሻ ደቃቃ ጽሕፈት ይነበባል፤ አሥራ ሰባት ዲግሪ። ከግርጌው «ንድፍ፦ መርሻ ገብረ መድህን» ይላል፤ ከጎኑ «ቶርኖ፦ በዛብህ ወልደጻድቅ»።

በዛብህ ልኩን በማስታወሻ ደብተሩ ገለበጠ።

«ውሰደው» አለች አባይነሽ።

«ልኩን ወስጃለሁ።»

«ልኩን አይደለም ያልኩህ። ወረቀቱን ውሰድ። ከሰነዱ ጋር አያይዘው። ማን ሠራው አይደል የሚሉህ? ስሙ ይኸው።»

«የእኔም ስም አለ፣ አባይነሽ።»

«አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሁለታችሁንም ደብቄ ይዣለሁ። ፈታሾቹ በር ላይ ቆመው እንኳን የአንተን ቆርጬ ልጣል አላልኩም።»

በዛብህ ተነሣ፤ ደብተሩን ኪሱ ከተተ፤ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። እሷ እስከ በር አልሸኘችውም።

ጥርሷ በዚያ ሳምንት ተሠራች። ግንቦት አጋማሽ ላይ ዝናብ ሲጀምር ቱሳ እንደተባባሉት «አሻሽያለሁ» ብሎ አሳምነውን አስጠራ። እንደገና ሳጉሬ ሄድን። ሰማዩ ተደፍቶ ነበር፤ ጭቃው ላንድሮቨሩን ሁለት ጊዜ ያዘው። ቱሳ ሰዎቹን ሁሉ አርቆ፣ መጀመሪያ ጥርሷን አውጥቶ ሞከረው። ገመዱ ነጠቅ ሲያደርግ እጀታው ተወርውሮ አጠገቡ ያቆመውን ጣውላ ለሁለት ሰበረው። ዘንጎቹ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይወድቁ በሰንሰለቱ ተያዙ። ከዚያ ጥርሷን መለሳት፤ ሃያ ጊዜ ነጠቁት፤ ሃያ ጊዜ ያዘ።

አሳምነው የተሰበረውን ጣውላ አንሥቶ ብዙ አየው። ቀጥሎ በዛብህን አየው፤ በዛብህም አየው።

«ሠራተኛው ራሱ አረመው» አለ አሳምነው ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ወደ መኪናው ስንሄድ ግን ለበዛብህ ብቻ፣ «አሁን እንፈርማለን፤ ከዚህ በላይ ማናችንም አንሄድም» አለው። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት። በዛብህ የሚያውቀውን ሁሉ አሳምነውም እንደሚያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። እሱም የሚወጣበት በር አልነበረውም።

ሪፖርቱን ግንቦት ሃያ አራት ቀን መታሁት። «ከዚህ በፊት በአገር ውስጥ ያልታወቀ። የመጀመሪያውና እውነተኛው ፈጣሪ፦ ጓድ ቱሳ። በሠራተኛው አካል ላይ ጉዳት የማያስከትል።» በዛብህ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «ያልታወቀ» የሚለውን ስመታ ትንፋሹን ሰማሁ። ሦስቱንም ቅጂ ፈረመ። ካርቦኑን አልጠየቀኝም።

በኤግዚቢሽኑ ቱሳ በብድር ኮት አራት ቀን ከመንጋጋው አጠገብ ቆመ። እንዴት አሰብከው ሲሉት «ዝም ብዬ ነው» ይል ነበር፤ ሰውም ትሕትና ነው ብሎ ወደደው። ስሙ በሬዲዮ ተነገረ። ሲመለስ የምስክር ወረቀቱን ለእኔ አሳይቶ፣ «ቤቴ አልሰቅለውም፣ አልቀድደውም። ምን ላድርገው?» አለኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከበዛብህ ጋር ከገበያ ስንመለስ አባይነሽ ክር ተሸክማ ፊት ለፊት መጣች። በዛብህ ባርኔጣውን አነሣ። ድሮ ከማዶ አንገቷን ነቅነቅ የምታደርግለት ሴት፣ ያን ቀን ቆመች፤ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ በዛብህ? ደኅና ነዎት?»

በአንድ ግቢ ሳሉ ጀምሮ «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት ናት። ቃሏ ላይ ቁጣ አልነበረም። ለቀበሌ ሊቀመንበር፣ ለማታውቀው እንግዳ የሚሰጠውን አክብሮት ነው የሰጠችው። መልስ ሳትጠብቅ ክሯን ይዛ አለፈች።

በ1978 ዓ.ም. ኅዳር ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ተመሳሳይ መያዣ በውጭ አገር ቀደም ሲል የታወቀ በመሆኑ አዲስ ፈጠራ ነው ሊባል አይችልም የሚል ሁለት አንቀጽ ነው። አሳምነው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ስለነበር ደብዳቤውን የሚያነብ ከእኔና ከበዛብህ በስተቀር አልነበረም። በዛብህ ቆሞ አነበበው።

«አዲስ አይደለም አሉ» አለ።

«ታዲያ ያ ሁሉ?» አልኩት።

«ልክ ናቸው» ብሎ ፋይል ውስጥ አስገባው።

ከአርባው ሠላሳ አንዱ ተሠርቶ ነበር፤ ሁሉም ከነጥርሱ። ሠራተኞቹ «የቱሳ መንጋጋ» ይሉታል። እኔ እስካለሁበት ድረስ በእሱ የተነሣ እጁን ያጣ ሰው አልሰማሁም። ይህን ለበዛብህ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ እንዲያርፍ ብዬ። «እሱስ እውነት ነው» ይለኛል። የሌላ ሰው ወሬ እንደነገሩት ሆኖ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ የተገደሉትን ሰዎች ስም የሚመዘግቡ መጡ። በዛብህ ሄዶ ስለ መርሻ የሚያውቀውን አስመዘገበ፤ እንዴት እንደተወሰደ፣ በየትኛው ቀን። ስለ መንጋጋው የሚጠይቅ አልነበረም፤ እሱም አላነሣም። ከዚያ በሳምንቱ አባይነሽ ቤት ሄደ። መንገድ ለመንገድ የሚላትን ሲያዘጋጅ ነበር፤ ይቅርታ ብሎ እንደሚጀምር፣ ሪፖርቱን ራሷ እንድታነበው እንደሚያመጣላት። ወደ ማስተማሯ ተመልሳ ነበር። በክብር ተቀበለችው፤ ወንበር አቀረበች፤ ሻይና ዳቦ ሰጠችው። ስለ ብርዱ፣ ስለ ስንዴው፣ ስለ ተማሪዎቿ አወራች፤ «ይጠጡ»፣ «ይጨምሩ» እያለች። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ያዘጋጀውን አንዷንም ቃል አልተነፈሰም። ሲነሣ እስከ አጥሩ ሸኝታው «እንግዲህ ብቅ ይበሉ» አለችው።

ይህን የነገረኝ ለሥራ ወደ ናዝሬት ስንሄድ አውቶቡስ ላይ ነው።

«ብርቄ፣ ‹ብቅ ይበሉ› ስትል ና ማለቷ ይመስልሻል?»

እውነቱን ልንገረው ወይስ ላጽናናው ብዬ ተቸገርኩ። «ሰው ለሁሉም የሚለው ነው እኮ፣ ጋሽ በዛብህ» አልኩት።

«እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት» አለ።

ኢተያ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ዶሮ ይዛ ገባች፤ በዛብህ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ቦታ ለቀቀላት። አባይነሽ ዘንድ ዳግመኛ አልሄደም።